ፈረሱ ነው ወይስ ገብሱ? የአንድ ክርክር ታሪክ ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ

ክብደት ለመቀነስ ስፖርት ይሻላል ወይስ ምግብ መቀነስ? ይህን ጥያቄ በየትኛውም ካፌ ጣል ብታደርጉት ጠረጴዛው ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። በአንድ በኩል «የፈለግከውን ብላ፣ ብቻ ላብህን አውጣ» የሚሉ የጂም ወዳጆች አሉ። በሌላ በኩል «ሩጫውን ተወውና አፍህን ዝጋ» የሚሉ የዳይት ሰዎች አሉ። ሁለቱም ወገን ምስክር አያጣም። አንዱ ዓመት ሙሉ ጂም ተመላልሶ ግራም ያልቀነሰ ጎረቤት አለው፤ ሌላው በዳይት ከስቶ በስድስት ወሩ እጥፍ ሆኖ የተመለሰ የአክስት ልጅ አለው።

እኛ ደግሞ እንደለመደብን ነገሩን ከሥሩ እንየው ብለን ክርክሩን ከካፌው አውጥተን ወደ አዊ ወሰድነው። ለምን አዊ? አንደኛ፣ የአዊ ሰውና ፈረስ አይነጣጠሉም፤ ፈረስ ባለበት አገር ደግሞ ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ፈረስ ያለው ገበሬ ፈረሱ ሲከሳ ወይም ሲሰባ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ምን በላ? ምን ያህል ሠራ? ገብሱና ግልቢያው ማለት ነው። ሁለተኛ፣ የአካባቢው ሰው ምን እንደሚያመርትና እንዴት እንደሚጓዝ ከ250 ዓመት በፊት ጀምሮ የጻፉ መንገደኞች አሉ። ሦስተኛ፣ ከእንጅባራ ዳንግላ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህችን መንገድ በኋላ እንደ ሜትር እንጠቀምባታለን።

«ወፍረሃል» ምርቃት በነበረበት ዘመን

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንተማመን። መክሳት መፈለግ በአገራችን የትናንት ነገር ነው። የወላጆቻችንን አማርኛ ልብ ብላችሁ ስሙት። «ወፍረሃል፣ ተስማምቶሃል» ምርቃት ነው። «ምነው ከሳህ? አሞህ ነበር እንዴ?» ደግሞ የሐዘኔታ ጥያቄ ነው። እናት ልጇ ከሄደበት ሲመለስ ጉንጩን አይታ ነው ኑሮው እንዴት እንደሆነ የምትፈርደው።

በዚህ መለኪያ መሳቅ ቀላል ነው። ግን ከየት እንደመጣ እንወቅ። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ዓመት ያህል የዘለቀው «ክፉ ቀን» የከብት በሽታን፣ ድርቅንና አንበጣን አስከትሎ ሕዝብ የጨረሰ ረሃብ ነው። በሬው ስላለቀ ገበሬው መሬቱን በዶማ ለመቆፈር ተገደደ። ከዚያ በኋላም 1966 መጣ፣ 1977 መጣ። እንዲህ ባለ አገር በጎን ላይ የተቀመጠች ትንሽ ሥጋ የክፉ ቀን ስንቅ ነበረች።

ቦርጭም የራሱ ትርጉም ነበረው። ሹሙ በበቅሎ ይሄዳል፣ ጋሻ ጃግሬው በእግሩ ይከተላል። በግብር አዳራሹ ጮማውና ጠጁ መጀመሪያ የሚደርሰው ለሹሙ ነው፤ እግረኛው የሚደርሰው ሲተርፍ ነው። ስለዚህ «ስፖርት ወይስ ምግብ?» የሚለው ጥያቄ በዚያ ዘመን ሊጠየቅ አይችልም ነበር። ብዙ የሚንቀሳቀሰውና ትንሽ የሚበላው አንድ ሰው፣ ትንሽ የሚንቀሳቀሰውና ብዙ የሚበላውም አንድ ሰው ነበርና። ይህችን ነጥብ ያዙልን።

ቅቤ ተሸካሚዎቹ

እ.ኤ.አ. በ1770 ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ወደ ግሽ ዓባይ ሲመጣ ስለ አገው ምድር ብዙ ነገር መዝግቧል። ከምንጩ ይልቅ እኛን የሳበን ስለ ገበያ የጻፈው ነው። በእሱ አገላለጽ ጎንደርን የሚቀልባት አገው ነበር። ከብት፣ ማር፣ ቅቤ፣ ስንዴ፣ ቆዳና ሰም ይዘው በአንድ ጊዜ 1,000 እና 1,500 ሰው እየሆኑ፣ አንዱ ጭፍራ ሲመለስ ሌላው እየተተካ ወደ መናገሻዋ ከተማ ይጓዙ ነበር። ቅቤው በዚያ ረጅም መንገድ እንዳይበላሽ መቅመቆ ይቀላቅሉበት እንደነበርም ጽፏል። (መቅመቆ ዛሬም ገበያ ላይ አለ፤ ቅቤ ሲነጠር ቀለም እንዲሰጥ የሚጨምሩት እናቶች ያውቁታል።)

ይኸው ብሩስ የአገው ሴቶችን መልክ ሲገልጽ ቀጫጭኖች ናቸው ይላል።

እስቲ ይህን ለካፌው ጠረጴዛ እናቅርበው። ቅቤ የሚያመርት፣ ማር የሚቆርጥ፣ ከብት የሚያረባ ሕዝብ ቀጭን ነው። የጂሙ ሰው ብድግ ብሎ «አላልኳችሁም! ያንን ሁሉ ቀን ሸክም ይዞ የሄደ እንዴት ይወፍራል?» ይላል። የዳይቱ ሰው ደግሞ «ቆይ እንጂ! ቅቤውን ተሸከሙት እንጂ መቼ በሉት? የበላው ጎንደር ያለው ነው» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ሁለቱም አላረጋገጡም። እግረኛው ተጉዞ ነው የከሳው ወይስ ቅቤው ስላልደረሰው? ለዚህ መልስ ለማግኘት ምግቡንና ጉዞውን ነጣጥሎ የሚለካ ሰው መምጣት ነበረበት። እስኪመጣ ብዙ ዘመን ፈጀ።

ቆንስሉ፣ በቅሎውና አስፋልቱ

ከብሩስ 150 ዓመት ገደማ በኋላ ሌላ ጸሐፊ ዳንግላ ላይ እናገኛለን። እንግሊዝ ለሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ያቋቋመችው ቆንስላ መቀመጫው ዳንግላ ነበር፤ ሮበርት ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 እዚያ በቆንስልነት ሠርቷል። ሰውዬው ጣናን ዞሮ፣ የዓባይን ሸለቆ በበቅሎና በእግር ተከትሎ ካርታ ያነሳ ነው፤ ጉዞውንም እ.ኤ.አ. በ1936 በመጽሐፍ አሳትሞታል። ልብ በሉ፤ ይህ የሆነው ከመቶ ዓመት በፊት ነው። ቆንስሉም፣ ጭነኛውም፣ ነጋዴውም የሚያውቁት ፍጥነት አንድ ነው፤ የእግርና የኮቴ ፍጥነት።

ከዚያ የመኪና መንገድ መጣ። የጣሊያን ወረራ ዘመን መንገዶች፣ ቀጥሎ የደርግ ዘመን የከባድ መኪናና የአውቶቡስ ጉዞ፣ ቀጥሎ ሚኒባስ፣ ቀጥሎ ባጃጅ። ዛሬ እንጅባራ ከተማ ውስጥ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ለመድረስ እግር ግዴታ አይደለም። ቀድሞ ሦስት ሰዓት በእግር የሚኬድበት ገበያ አሁን በሃያ ደቂቃ ይደረሳል። ይህን እንደ ጥፋት የምናወራ እንዳይመስላችሁ። በምጥ የተያዘች እናት በቃሬዛ ስትወጣ ያየ ሰው መኪናን አይሰድብም።

ፈረሱስ? ፈረሱ አልጠፋም፤ ሥራው ግን ተቀየረ። የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር በ1930ዎቹ ዓ.ም. የተመሠረተው በዓድዋ ዘመቻ የዘመቱትን ፈረሶችና ፈረሰኞች ለማስታወስ ነው። ማኅበሩ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ አባላት አፍርቷል፤ በዓሉም ጥር 23፣ በጊዮርጊስ ዕለት ነው። ማኅበሩ አባላቱ በሐዘን የሚደጋገፉበት፣ የተጣላም የሚታረቅበት ነው። ፈረስ ትናንት ከዘመቻ ላይ፣ ከመንገድ ላይ ነበር፤ ዛሬ በዋናነት በበዓል፣ በሠርግና በለቅሶ ላይ እናየዋለን። ማለትም ግልቢያ ከዕለት ኑሮ ወጥቶ ቀን የሚቆረጥለት ነገር ሆነ።

የእኛም የከተሜዎቹ ታሪክ ይኸው ነው። አያቶቻችን «ስፖርት እንሥራ» አይሉም ነበር፤ ኑሮው ራሱ ያሠራቸዋል። እኛ ግን እንቅስቃሴን ከኑሮ ቆርጠን አወጣንና ስም ሰጠነው። ትምህርት ቤት «ሰውነት ማጎልመሻ» ሆነ፣ ሰፈር ውስጥ «ማስ ስፖርት» ሆነ፣ ከተማው መሀል «ጂም» ሆነ። በ1994 ዓ.ም. ታላቁ ሩጫ አዲስ አበባ ላይ ሲጀመር 10,000 ሰው ቲሸርት ገዝቶ ሮጠ። ለመሮጥ ገንዘብ መክፈል! ቅቤ ተሸካሚዎቹ ቢሰሙ ምን ይሉን ነበር?

ካሎሪ አገራችን የገባችው ልታፋፋን ነው

የምግብን ኃይል መለካት የተስፋፋው በአሜሪካዊው ዊልበር አትዋተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ሰውን ልዩ ክፍል ውስጥ አስገብቶ የሚበላውንም፣ ከሰውነቱ የሚወጣውንም ሙቀት ለካ። ሰው እንደ ምድጃ የገባለትን እንደሚያነድ በቁጥር አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1918 ሐኪሟ ሉሉ ሃንት ፒተርስ ይህን ቁጥር ለአሜሪካ ሴቶች የመክሻ መመሪያ አድርጋ ጻፈች፤ ካሎሪ መቁጠር ፋሽን ሆነ።

እኛ ጋ ግን ታሪኩ ተገልብጦ ነው የገባው። እ.ኤ.አ. በ1958 የአሜሪካ መንግሥት የሥነ ምግብ ኮሚቴ ኢትዮጵያ መጥቶ ወታደሩንና ሲቪሉን መረመረ፤ ጥያቄው «ምን ጎደላቸው?» የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 በስዊድን እርዳታ የሕፃናት የምግብ ክፍል ተቋቋመ፤ በ1968 ወደ ኢትዮጵያ የሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት አደገ፤ በዚያው ዓመት የጤፉ፣ የዳጉሳው፣ የኑጉ፣ የገብሱ ይዘት በሰንጠረዥ ታተመ። ይኸው ሥራ የወለደውን የልጆች ምግብ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ፋፋ! ስሙን ልብ በሉት። «ልጁ ፋፋ» ከሚለው ነው። ሌላው ዓለም ካሎሪ የሚቆጥረው ለመክሳት ሲሆን እኛ መቁጠር የጀመርነው ለመፋፋት ነው። እውነትም የሚያስፈልገን ያ ነበር።

ምግብ ሲቀነስ ሰው እንደሚከሳ ማንም አይጠራጠርም። አንሴል ኪይስ እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 ሚኔሶታ ላይ 36 ፈቃደኛ ወጣቶችን ለ24 ሳምንት በቀን ወደ 1,600 ካሎሪ ብቻ እያበላ፣ በሳምንትም 35 ኪሎ ሜትር እያስኬደ ተከታተላቸው። ዓላማው በጦርነቱ የተራበውን አውሮፓ እንዴት መልሶ መቀለብ እንደሚቻል ለማወቅ ነበር። ወጣቶቹ የክብደታቸውን ሩብ ያህል አጡ። ሌላም ነገር አጡ፤ ሳቃቸውን፣ ትዕግሥታቸውን፣ ከምግብ ሌላ የሚያስቡበትን ጭንቅላት። ምግብ ሲለቀቅላቸው ደግሞ መጥገብ አቃታቸው። አሁን በየስልካችን የሚዞረውን «በቀን 1,200 ካሎሪ» የሚል ፕሮግራም አስቡት። ሳይንቲስቱ «ከፊል ረሃብ» ብሎ ከጠራው ያነሰ ነው። የአክስታችን ልጅ መልሶ የወፈረው ስለሰነፈ አይደለም፤ ሰውነቱ ረሃብ መጣ ብሎ ስላመነ ነው።

ሹፌሩና ረዳቱ

ምግቡንና እንቅስቃሴውን ነጣጥሎ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል ብለን ነበር። ሐኪሙ ጄሪ ሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1953 ይህን በለንደን አውቶቡሶች ላይ ሞከረው። ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል፤ ቲኬት ቆራጩ በባለ ፎቁ አውቶቡስ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። የልብ በሽታ ሹፌሮቹን ይበልጥ አጠቃ። እኛም ይህን ለማየት ለንደን መሄድ አያስፈልገንም፤ የእንጅባራና የዳንግላ ሚኒባስ ላይ የሹፌሩን ቦርጭና በበሩ ተንጠልጥሎ የሚጮኸውን ረዳት አወዳድሩ።

የጂሙ ሰው ጨብጨባ ከመጀመሩ በፊት ቀጣዩን ይስማ። እነ ሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1956 የሠራተኞቹን የደንብ ልብስ መዝገብ ሲያገላብጡ የሹፌሮቹ የሱሪ ወገብ ገና ሲቀጠሩ ጀምሮ ሰፊ ሆኖ ተገኘ። መቀመጫው ብቻ አይደለም ያወፈራቸው፤ ወፈር ያለውም መቀመጫውን መርጧል።

በዚያው በ1956 ዣን ማየርና ባልደረቦቹ ሕንድ፣ ምዕራብ ቤንጋል ውስጥ የቃጫ ፋብሪካ ሠራተኞችን አጠኑ። 213 ሰዎች፣ ከጸሐፊ እስከ ተሸካሚ። ከባድ ሥራ የሚሠራው ብዙ ይበላል፣ አይወፍርም። ይህ የሚጠበቅ ነው። ያልተጠበቀው ግን ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውለው ትንሽ እየበላ አለመሆኑ ነው፤ እንዲያውም ቀላል ሥራ ከሚሠራው ይበልጥ ይበላል። ማየር ከዚህ ተነስቶ እንዲህ አለ፤ ሰውነት በመጠኑ ሲንቀሳቀስ ረሃብና ጥጋብን ያውቃል፣ ፈጽሞ ሲቀመጥ ግን መለኪያው ይዛባል።

ከዚያ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ ነገሩን የገለበጠው ጥናት ከጎረቤታችን ታንዛኒያ መጣ። ኸርማን ፖንትዘርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 እያደኑና ሥራ ሥር እየቆፈሩ የሚኖሩትን ሃድዛዎች በዘመናዊ መንገድ ለኩ። ሃድዛዎች በየቀኑ ብዙ ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ። ታዲያ የሰውነታቸው መጠን ታሳቢ ሲደረግ በቀን የሚያቃጥሉት ጠቅላላ ኃይል ቢሮ ከሚውለው አሜሪካዊ ብዙም አልተለየም! እ.ኤ.አ. በ2016 ከጋና እስከ አሜሪካ በአምስት አገሮች 332 ሰዎች ላይ የወጣው ጥናትም ይህን ደገፈ። እንቅስቃሴ ሲጨምር ሰውነት ከሌላ ሥራው ላይ ይቆጥባል፤ ጠቅላላ ወጪው በጥረታችን ልክ አይጨምርም።

አሁን ወደ ብሩስ እንመለስ። ቅቤ ተሸካሚዎቹ ቀጭን የሆኑት ስለተጓዙ ብቻ እንዳልሆነ መገመት እንችላለን። ዋናው ነገር ቅቤው የሚወርደው ጎንደር መሆኑ ነው።

ከእንጅባራ ዳንግላ በእግር

ወደ ሒሳብ እንግባ። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር እየሄደ ከእንጅባራ ተነስቶ ዳንግላ ለመድረስ 8 ሰዓት ይፈጅበታል። ወደ 2,000 ካሎሪ ያቃጥላል። ነገር ግን ቤቱ ቢቀመጥም ኖሮ በእነዚያ 8 ሰዓታት 560 ያህል ማቃጠሉ አይቀርም። ስለዚህ ጉዞው የጨመረው 1,400 ነው። አንድ ኪሎ ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል። ውጤቱ? ቀኑን ሙሉ ተጉዞ ዳንግላ የገባው ሰው ያወረደው ስብ 180 ግራም ገደማ ነው፤ ያውም ዳንግላ ሲደርስ ተርቦ ምንም ካልበላ።

ፈረስስ? ተራ ግልቢያ ለዚሁ ሰው በሰዓት 385 ካሎሪ ያህል ነው፤ የመቀመጡን ስንቀንስ 315። አሁን ገብሱን እንየው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ይይዛል፤ አንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ደግሞ 125 ገደማ። ከእንጀራው ጎን ያለው ወጥ ላይ ሁለት ማንኪያ ዘይት ተጨምሮ አንድ ለስላሳ ከተከፈተ የሰዓቱ ግልቢያ ተመልሷል፤ ያውም እንጀራውን ሳንቆጥር።

የአዊ ደጋ ከገብስ ጋር የሚታወቅበትን ድንች እንውሰድ። ድንች አገራችን የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በጀርመናዊው ሺምፐር አማካይነት እንደሆነ ይነገራል፤ ደጋውም ወዶት የራሱ አደረገው። 100 ግራም ቅቅል ድንች 87 ካሎሪ ገደማ አለው። ያው ድንች ከተማ ገብቶ ቺፕስ ሲሆን በ100 ግራም ከ300 ያልፋል። ገበሬው፣ ማሳው፣ ድንቹ አልተቀየሩም፤ ዘይቱ ነው የተጨመረው።

እ.ኤ.አ. በ2019 ኬቨን ሆል አሜሪካ ውስጥ 20 ሰዎችን ሆስፒታል አስቀምጦ ለሁለት ሳምንት የፋብሪካ ምግብ፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ ያልተነካካ ምግብ «እስክትጠግቡ ብሉ» ብሎ አቀረበላቸው። በፋብሪካው ምግብ ሳይታወቃቸው በቀን 500 ካሎሪ ያህል ጨምረው በሉ፤ ወደ አንድ ኪሎም ጨመሩ። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ይሉታል እንዲህ ያለውን። ይህን 500 ካሎሪ በእግር ለመመለስ የእኛ ሰው በየቀኑ ሦስት ሰዓት ያህል መሄድ አለበት።

ጾሙስ?

«ታዲያ እኛ እኮ ስንጾም ነው የምንከርመው» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት የዓመቱ ጾሞች ሁሉ ሲደመሩ ወደ 250 ቀን ይደርሳሉ፤ ምእመን ሁሉ የሚጠበቅበት ብቻ 180 ያህል ነው። ጾም ለመክሳት አልተሠራም፣ እሱን ከሃይማኖቱ ጋር አናምታታ። ግን እንደ ታሪክ ካየነው የድሮው ጾም ሁለት ነገር ያደርግ ነበር፤ ቅቤና ሥጋን ያስቀራል፣ የምግብ ሰዓትንም ያዘገያል። በቅቤው ቦታ የሚገባው ሽሮ፣ ክክ፣ ተልባ፣ ኑግ ነበር። ዳንግላ አካባቢ ኑግ ያውም የራስ ማሳ ምርት ነው።

የዛሬው የከተማ ጾም ሌላ ነው። የጾም ፓስታ አለ፣ ሳምቡሳ አለ፣ የጾም ኬክ አለ። ከቅቤ የሸሸው ሁሉ ዘይት ውስጥ ይዋኛል። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያስደነግጥ ቁጥር አለ። 100 ግራም ቅቤ 717 ካሎሪ ሲይዝ 100 ግራም ዘይት 884 ይይዛል። በመቁረጫ ብቻ ለካነው እንጂ በማሰሮ ውስጥ ያለውን አላየንም። በጾም ከሳሁ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ፋሲካ ሳይደርስ ለምን እንደወፈረ ቢገርመው አይፍረድብን።

ታዲያ ማን አሸነፈ?

የታሪኩ ፍርድ ከሞላ ጎደል ግልጽ ነው። ክብደት ለማውረድ ምግብ ይበልጣል። ስፖርት ብቻውን ብዙ ኪሎ አያወርድም። የዳይቱ ሰው ግን ገና እጁን አያውጣ። እ.ኤ.አ. በ1994 አሜሪካ ውስጥ ቢያንስ 13.6 ኪሎ ቀንሰው ዓመትና ከዚያ በላይ ሳይመለስባቸው የቆዩ ሰዎች መመዝገብ ሲጀምሩ፣ አብዛኞቹ የሚጋሩት ነገር በቀን አንድ ሰዓት ያህል መንቀሳቀሳቸው ሆኖ ተገኘ። ምግብ ያወርዳል፣ እንቅስቃሴ የወረደውን ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው የስኳር በሽታ መከላከያ ጥናት ደግሞ ለበሽታው የተቃረቡ ከ3,200 በላይ ሰዎችን ይዞ ነበር። ምግባቸውን አስተካክለው በሳምንት 150 ደቂቃ የተንቀሳቀሱት ስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ሁለቱ አብረው ሲሄዱ ማለት ነው። የሞሪስ ቲኬት ቆራጮችንም አንርሳ፤ ልብ ቦርጩ ባይጠፋም በደረጃው ይጠቀማል።

ነገሩ ግን ከሱሪ ወገብ ያለፈ ነው። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት ከመውለጃ ዕድሜ ሴቶች 30 በመቶዎቹ ከመጠን በላይ የከሱ ሲሆኑ፣ ከመጠን በላይ ወፍራም የሆኑት 3 በመቶ ነበሩ። በ2008ቱ ጥናት ከሲታዎቹ ወደ 22 በመቶ ሲወርዱ ወፍራሞቹ ወደ 8 በመቶ ወጡ፤ በከተማ 21 በመቶ፣ በገጠር ግን 4 በመቶ። አንድ አገር ሁለት ጭንቀት ይዛለች ማለት ነው። ከእንጅባራ ወጣ ብሎ እንጨት ተሸክማ ከገበያ የምትመለስ እናት ቀጭን ናት፤ እሷን አይታ «እንቅስቃሴ እንዴት ደስ ይላል» የምትል ከተሜ የብሩስን ስህተት ትደግማለች። ቅጥነትም ጤና ነው ማለት አይደለም። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕሙማን ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2025 ከልጅነት የምግብ እጥረት የሚመጣውንና ከሲታዎችን የሚያጠቃውን የስኳር ዓይነት «ዓይነት 5» ብሎ ተቀብሎታል። መክሳት ምርጫ የሚሆነው ጠግቦ ለሚያድር ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ ወፍራሙን «ሆዳም»፣ ከሲታውን «ጎበዝ» እያልን መፈራረዳችንን እንተው። ቅቤ ተሸካሚዎቹን ቀጭን ያደረጋቸው ጉብዝና አይደለም፣ እኛንም ያወፈረን ስንፍና ብቻ አይደለም። ዘይቱ ማሰሮ ውስጥ እንዴት እንደበዛ፣ የኑጉን ቦታ የረጋው የፓልም ዘይት እንዴት እንደወሰደው፣ ለስላሳው ከእያንዳንዱ ምሳ ጎን እንዴት እንደቆመ፣ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ማን እንደተሠራበት፣ የእግረኛው መንገድ የት እንደገባ እንጠይቅ። እነዚህ ጥያቄዎች ከማንም ጂም ክፍያ በላይ ወገባችንን ይወስናሉ።

እስከዚያው በየቤታችን የምንችለውን እናድርግ። ዘይቱን ከጠርሙሱ እያንቆረቆርን ሳይሆን በማንኪያ እየለካን እንጨምር። ባጃጁን ለሁለት ፌርማታ እንተወው። ከ1,200 ካሎሪው ፕሮግራም እንራቅ፤ ረሃብን ለመሸሽ ይህችን ያህል ዘመን የደከመ ሕዝብ ልጆች ሆነን በገንዘባችን ረሃብ አንግዛ።

የአዊ ገበሬ ጥያቄውን ከሁላችንም ቀድሞ ያውቀዋል። የሰባውን ፈረስ ለማክሳት ገብሱን ቀንሱለት። ፈረሱ ፈረስ ሆኖ እንዲቆይ ግን ጋልቡት።